ራሺያው፣ ጀርመኑ፣ ጃፓኑና የእትዬ ጥሩወርቅ ነጠላ

የዚያን እሑድ ጠዋት የጎረቤቴን ነጠላ በፀሐይ አቃጠልኩ።

በከሰል ቢሆን ሰው ይገባዋል። በካውያ ቢሆንም ይገባዋል፤ «ሽማግሌ ነው፣ ረስቶት ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ያቃጠልኩት በፀሐይ ነው፤ ያውም ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ፣ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ፣ ሬዲዮ እያዳመጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ከተቀመጥኩበት ሳልነቃነቅ ጥፋት ማጥፋት መቻሌ እኔንም ገርሞኛል። ወጣት ሳለሁ ቢያንስ መነሣት ይጠበቅብኝ ነበር።

ባለቤቴ የሺ ከጓዳ ሆና «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች። «ከጎረቤት ነው» አልኳት። ግማሹ እውነት ነበር፤ የሚቃጠለው የጎረቤት ነው፣ አቃጣዩ ብቻ ነው የቤት ሰው። ቀና ብዬ ሳይ፣ መስኮቱን ተጠግቶ ከቆመው ወንበር መደገፊያ ላይ ከተሰጣው ነጠላ አንዲት የጭስ ክር ቀጥ ብላ ትወጣለች። የመስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ ጃፓን ሠራሹ የካሜራ ሌንሴ ፊቱን ወደ ፀሐይ፣ ጀርባውን ወደ ነጠላው አዙሮ ተጋድሟል። ፀሐይዋን በፊቱ ይጎርሳል፤ በጀርባው ሰብስቦ ጥለቱ ላይ ይተፋታል።

ዘልዬ ተነሣሁ። «ዘልዬ» ያልኩት ለወጉ ነው፤ ጉልበቶቼን ለየብቻ ለምኜ ተነሣሁ። ነጠላውን በመዳፌ መታ መታ ሳደርገው ጭሱ ጠፋ። በቦታው ግን አንዲት ቀዳዳ ቀረች፤ የሽምብራ ፍሬ የምታሳልፍ፣ ዙሪያዋ እንደ ተቆላ ገብስ የጠቆረ። ያን ሁሉ ነጭ ሜዳ ትታ ልክ ጥለቱ መሀል ላይ ነው የተቀመጠችው።

አሁን አንባቢ ሁለት ነገር መጠየቁ አይቀርም። የሰው ነጠላ እኔ ቤት ምን ይሠራል? ሌንስስ መስኮት ላይ ምን ያደርጋል?

ነጠላው የእትዬ ጥሩወርቅ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ አጥር የምንጋራ ጎረቤታችን ናቸው። በመላው ካዛንቺስ እኔን «አንተ ልጅ» ብለው የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ስለቀሩ በጣም እወዳቸዋለሁ። በዚያ ሰሞን የእሳቸው መደዳ ቤቶች ለልማት ይፈርሳሉ ተብሎ፣ እሳቸውም ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ደርሷቸው ነበር። የሚፈርሰው በማግስቱ ሰኞ ነው። ዕቃቸው ተጭኖ ሄዷል፤ ውሃቸው ተቆርጧል። ስለዚህ የክት ነጠላቸውን የሺ አጥባ ልታደርቅላቸው ወደኛ ቤት አመጣችው። የክት ነጠላ ለምን አስፈለገ? ከሰዓት በኋላ በራቸው ፊት ተቀምጠው ፎቶ ሊነሱ ነው። አንሺው እኔ ነኝ።

በሩ ደግሞ እንዲሁ በር አይደለም። ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው። የቤቱን ቁጥር የጻፉት ባለቤታቸው ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ይሠሩ በነበሩበት ጊዜ በተረፈ ነጭ ቀለም፣ በገዛ እጃቸው። በርጩማ ላይ ቆመው ሲጽፉ የበርጩማው እግር ተንሸራተተና የመጨረሻዋ ሰባት ከእሳቸው ጋር አብራ ወደቀች። እሳቸው ተነሡ፤ ሰባቷ ግን እንደ ተጋደመች ቀረች። ቀበሌ ስንት ጊዜ «ትስተካከል» ቢል እትዬ ጥሩወርቅ እሺ አላሉም። ቤቱ የቀበሌ ነው፣ ቆርቆሮውም የቀበሌ ነው፤ በሩን ነቅሎ መውሰድ የለም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሳቸውና ያቺ የተጋደመች ሰባት በአንድ ፎቶ ላይ። ያኔ በሰፈራችን የሚገኝ ስልክ ሁሉ ለመደወል ብቻ ነበር። ፎቶ አንሺ ይጠራ ሲባልም «እኔ እያለሁ?» ብዬ ደረቴን የነፋሁት እኔው ራሴ ነኝ። ደረቴን የነፋሁባቸውን ቀናት መለስ ብዬ ሳስብ፣ አንዱም በደህና አልመሸም።

የሌንሱ ነገር ረዘም ይላል።

ካሜራዬን ያመጣሁት መሥሪያ ቤቴ ለስልጠና ራሺያ በላከኝ ጊዜ ነው። ከባድ ነው። የሺ በር ሲንኳኳ የማታውቀው ሰው ከሆነ «ካሜራህን ይዘህ ውጣ» ትለኛለች፤ ፎቶ አንሣ ማለቷ አይደለም። አብሮት የመጣውን ሌንስ ራሺያው እንለዋለን። «እንለዋለን» ያልኩት እኔና ነስሩ ነን።

ነስሩ ዕድሜውን ሙሉ ባምቢስ አካባቢ ሙሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ፣ አሁን ሱቁን ለልጆቹ ለቆ ከእኔ ጋር ሲከራከር የሚውል ወዳጄ ነው። እሱ ጀርመን ሌንስ አለው፤ ካሜራ ግን የለውም። ሌንሱን አንድ የጀርመን አስተማሪ አገሩ ሲገባ፣ ለተሰፋለት ኮት ምስጋና ብሎ ትቶለት የሄደው ነው። እኔ ካሜራ አለኝ፤ ሌንስ ግን፣ እንደ ነስሩ አባባል፣ የለኝም። «ያንተው የውሃ መክፈቻ ነው» ይላል ራሺያውን። እንግዲህ የሱ ሌንስ ያለ እኔ ካሜራ የወረቀት መጫኛ ነው፤ ይህን በየጊዜው አስታውሰዋለሁ።

ሦስተኛው ጃፓኑ ነው። ለገሃር አጠገብ አንድ የቆየ ፎቶ ቤት ሲዘጋ፣ ባለቤቱን አንድ የቆመ የግድግዳ ሰዓት ሰጥቼ በልዋጭ ያገኘሁት። ሰውዬው ሰዓቱን እንደሚያሠራው ነገረኝ፤ እኔም ሌንሱን እንደማነጣው ነገርኩት። ምክንያቱም የጃፓኑ መስታወት እንደ ቀጠነ ሻይ ቢጫ ሆኗል። ሲሠሩት መስታወቱ ውስጥ የጨመሩት አንድ ነገር አለ፣ ሲያረጅ ቢጫ ያደርገዋል፤ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ደግሞ ቀስ እያለ ይነጣል፤ ሰውዬው ያለኝ ይህንን ነው። ያላለኝ ነገር ቢኖር፣ ከኋላው ጨርቅ እንዳይኖር ነው። ማለቴ፣ ይህን ለሰው መንገር ያስፈልጋል ብሎ ማን ያስባል?

የሦስቱን ነገር ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይደንቀኛል። ራሺያና ጀርመን ተዋግተዋል፣ ጃፓንና ራሺያም ተዋግተዋል። የሦስቱም ሌንስ ግን በአንድ ጥርስ ተቀርጿል፤ የትኛውንም አምጥተህ ካሜራዬ አፍ ላይ ብታዞረው፣ እንደ ገዛ ክዳኑ ሰተት ብሎ ይገባል። እኔና የሺ በአንድ የመጋረጃ ቀለም መስማማት ያቃተን ሰዎች ነን። እነዚያ ፋብሪካዎች ሳይተዋወቁ በአንድ ቡሎን ጥርስ ተስማሙ። ይህን ለነስሩ ስነግረው «መርፌም እኮ እንደዚያው ነው፤ የትም አገር ቀዳዳው በአንድ በኩል ነው» አለኝ። ከልብስ ሰፊ ጋር ስለ ዓለም ማውራት እንዲህ ነው።

አንድ ቅዳሜ በቃ በወጉ እናወዳድራቸው ተባባልን። ነስሩ ሌንስ በሰው ፊት አይፈተንም አለ፤ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ሆዱን ይስባል፣ ይኮራል። የሚፈተነው ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው፤ ማዕዘን ላይ ያለችው ፊደል ከተነበበች ሌንሱ ሌንስ ነው። እሺ አልኩና ከአሮጌ ጋዜጣ የጨረታውን ገጽ፣ ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ፣ መረጥኩ። ፀሐይ የሚመታው ረጅም ልሙጥ ግድግዳ ፍለጋ ካዛንቺስን ስንዞር ቆይተን አንድ ግሩም ግድግዳ አገኘን። የመሥሪያ ቤት አጥር መሆኑን ያወቅነው ጥበቃው ከኋላችን ሲያስል ነው።

«አባቶች፣ ምን እየለጠፋችሁ ነው?»

ጋዜጣ ነው አልኩት። ለማን ነው አለኝ። ለማንም አይደለም፣ ፎቶ ልናነሳው ነው አልኩት። ሰውዬው ጋዜጣውን አየ፣ እኔን አየ፣ ነስሩን አየ።

«ጋዜጣው እጃችሁ ላይ አለ አይደል እንዴ? ፎቶው ምን ያደርግላችኋል?»

በሕይወቴ ከተጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነው፤ መልሱን እስከ ዛሬ እየፈለግሁ ነው። ነስሩ ስለ ማዕዘኗ ፊደል ሊያስረዳው ሞከረ። ጥበቃው ቀረብ ብሎ ማዕዘኑን አነበበና ፊቱ በሐዘኔታ ተሞላ። «ይሄ ጨረታ እኮ ቀኑ አልፏል» አለን ዝቅ ባለ ድምፅ። ተስፋ ያልቆረጡ ሁለት ምስኪን ተጫራቾች አድርጎን ነበር።

ከዚያ ግን ሥራው ትዝ አለውና ግድግዳውን ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው አለ። ግድግዳውን አይደለም ጋዜጣውን ነው አልን። ጋዜጣው ግድግዳው ላይ ነው አለ። ነስሩ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ የደንበኛ ኮት እንደሚለካ ሰው ጥበቃውን ከላይ እስከ ታች አየውና፣ አንተ ከፊት ብትቆም ግድግዳውን ትሸፍነዋለህ፣ እኛም አንተን እናነሳለን፣ ግድግዳህ አይነካም አለው። ሰውዬው አሰበበት። ከሕግ አንፃር ምንም እንከን ስላጣበት ቆቡን አስተካክሎ ቆመ። በራሺያው አነሣነው፣ በጀርመኑ አነሣነው፣ በጃፓኑ አነሣነው። ከዚያ ያለ ቆብ ይደገም አለ። ከዚያ ጓደኛውን ጠራ። ፊልሙ እዚያው አለቀ፤ ለጋዜጣው አልተረፈም።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ግን፣ አቤት እነዚያ ሌንሶች። አንድ ሰው፣ አንድ ግድግዳ፣ አንድ ፀሐይ፤ ሦስቱም የተለያየ ነገር አይተዋል። ጀርመኑ የሸሚዙን ቁልፎች ክር አሳይቷል፤ ነስሩ በደስታ አንዷ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር መሰፋቷን አሳየኝ። ራሺያው ሰውዬውን መሀል ላይ ጥርት አድርጎ አቁሞ፣ በአጥሩ ላይ የሚንጠለጠለውን ቅጠል ዙሪያውን አሽከርክሮታል፤ ጥበቃው ሥራ ላይ ሳይሆን ሠርግ ላይ ያለ ይመስላል። ጃፓኑ ደግሞ ቢጫው ተጋብቶበት ሁሉን ነገር ማር ቀብቶታል፤ ያ የተኮሳተረ ሰው ደግ ሆኖ ወጥቷል።

እኔና ነስሩ ስንከራከር ሰንብተን መስማማት ሲያቅተን፣ ዳኛ እንዲሆኑን ፎቶዎቹን እትዬ ጥሩወርቅ ዘንድ ወሰድን። ያኔ ዕቃቸውን ማሰር ጀምረው ነበር። አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩ። የጀርመኑን «ይሄ የቀበሌ ሰው ነው፤ አንድ ነገር አያልፍም» አሉ። የራሺያውን «ይሄስ ጠጥቷል» አሉ። የጃፓኑን ግን ይዘው ወደ በሩ ዞሩ።

«ይሄ የአመሻሽ ፀሐይ ነው» አሉ። «እሱ ከለገሃር ሥራ ውሎ ሲመጣ በዚህ ፀሐይ ነበር በሩን የሚከፍተው። እኔን በዚህ አንሡኝ።»

እንግዲህ ጅል ሲባል የምትሰሙት እኔ ነኝ። አንዲት ሴት ቢጫነቱን ወድጄዋለሁ አሉ፤ እኔ ደግሞ «ለእትዬ ጥሩወርቅማ ንጹሕ ሆኖ ነው መቅረብ ያለበት» ብዬ ቢጫውን ላስለቅቅ ፀሐይ ላይ ማስጣት ጀመርኩ። ያንን እሑድም ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ ነበር ያሰጣሁት። የሺ ደግሞ ነጠላው ቶሎ ይድረቅ ብላ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ገፋ አደረገችው። በመልካም አሳብ ተባብረን ያጠፋነው የመጀመሪያው ጥፋት ነው።

የሺ ቀዳዳዋን ስታይ አልጮኸችም። የባሰውን አደረገች፤ ተቀመጠች። ከዚያ «ነስሩን ጥራ» አለች።

ነስሩ መጣ፤ ቀዳዳዋን በጣቱ ዳሰሰ፤ አሽትቶም አየ። በመርፌ እጠቅመዋለሁ አለ፤ ግን የጥለቱ ክር አረንጓዴና ወርቃማ ሐር ነው፣ የሚመሳሰል ክር ሱቁ ውስጥም የለም፤ መርካቶ ነው የሚገኘው፣ ዛሬ ደግሞ እሑድ ነው። በነጭ ክር ልጠቅመው እችላለሁ፣ ግን ጥለቱ መሀል ነጭ ነጥብ ከቀዳዳ ይብሳል አለ። የሺ ሌላ ዘዴ አመጣች፤ ነጠላው ቢዘቀዘቅ፣ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገታቸው ላይ ቢታጠፍ፣ ቀዳዳዋ እጥፋቱ ውስጥ ትገባለች። ተናግራ ሳትጨርስ ራሷ አፏን ያዘች። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው፤ ለቅሶ ቤት እንዲህ ተለብሶ ነው የሚገባው።

ሌላ መላ ሳናገኝ ሰዓቱ ደረሰ። ነጠላውን አጥፌ በሁለት እጄ ይዤ፣ ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ከኋላዬ የሺና ነስሩ ተከትለውኝ በአጥሩ ዞረን ሄድን። የሦስታችን ፊት ለቀብር የምንሄድ ያስመስለን ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከተጫነው ዕቃ በቀረች አንዲት በርጩማ ላይ ከሰማያዊው በር ፊት ተቀምጠዋል። ያቺው ሰባቷን የጣለች በርጩማ ናት። ከኋላቸው ያለው ቤት ባዶውን ነው፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጡ ይጮኻል።

ነጠላውን ሰጠኋቸውና ቀዳዳዋን በጣቴ አሳየኋቸው። በፀሐይ ነው ያቃጠልኩት አልኩ። ስናገረው ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

ቀዳዳዋን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው በእሷ ውስጥ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሰው ጠፍቶ ነው ፀሐይን የምትወነጅላት?»

የሺ ይህን ጊዜ ስለ ማዘቅዘቁ አነሣች፤ ለፎቶው ብቻ፣ ለአንድ አፍታ ነው አለች። እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቤቴ ገና ቆሟል» አሉ። «ሳይፈርስ አላዝንለትም።» ከዚያም ነጠላውን እንደ ዓመት በዓል አድርገው ለበሱ። ጥለቱ ወርዶ ጉልበታቸው ላይ ተዘረጋ፤ ቀዳዳዋም መሀል ጉልበታቸው ላይ ቁጭ አለች።

ሌንሶቻችን ሥራ ያገኙት አሁን ነው። ነስሩ ወደ ጎን ስቦኝ በሹክሹክታ አንድ ነገር አለኝ፤ ነስሩ ስለ ሌንስ ሲያወራ መቼም የሚጎረብጥ ነገር ይናገራል፣ የዚያን ቀን ግን ልክ ነበር። ሌንስ እንደ ዓይን ብሌን አለው። ብሌኑን በደንብ ከከፈትከው የሚጠራው ያነጣጠርክበት ብቻ ነው፤ ከፊቱም ከኋላውም ያለው ይሟሟል። ፊታቸው ላይ አነጣጥረን ብሌኑን ብንከፍተው፣ ከፊት ያለው ጉልበታቸው ይደበዝዛል፣ ቀዳዳዋም ትጠፋለች። ለጃፓኑ ደግሞ ይህ ችሎታው ነው፤ ቅቤ አድርጎ ነው የሚያቀልጠው። ጎበዝ ነስሩ፣ ልለው ስል ዓይኔ ከእትዬ ጥሩወርቅ ኋላ ካለው በር ላይ ዐረፈ። እዚያ ላይ ሰባቷም አብራ ትቀልጣለች። ብሌኑን ጠበብ ካደረግነው ደግሞ ሰባቷ ትነበባለች፣ ቀዳዳዋም ትነበባለች።

«ሁለቱንም እናንሳ» አልኩት። «አንዱን ከፍተን፣ አንዱን አጥብበን።»

«የቀረችን አንዲት ናት።»

ካሜራው ላይ ያለው ቆጣሪ ገና ብዙ ይቀራል ይላል አልኩት። ነስሩ ቆጣሪውን ሳይሆን እኔን አየኝ። ያ የራሺያ ካሜራ ቆጣሪው አዲስ ፊልም ሲገባ በእጅ ካልተመለሰ ራሱ አይመለስም፤ እኔ ደግሞ አልመለስኩትም ነበር። ነስሩ ግን ሲቆጥር ቆይቷል። ያንን ፊልም ከጥበቃው ፎቶ በኋላ አስገብተነው፣ ሌንስ እናወዳድር እያልን በሎሚ፣ በሴት ዶሮና በነስሩ አዲስ ጫማ ከአንዲቷ በቀር ጨርሰነዋል። ባምቢስ ያሉት ፎቶ ቤቶች በእሑድ ተዘግተዋል። ፀሐይዋም ማዶ ከሚሠራው ፎቅ ጀርባ ልትገባ የእጅ ስፋት ያህል ነው የቀራት። ስንት ነገር ያለው ዓለም ውስጥ ጫማ ማንሳት ለምን እንዳስፈለገን እግዜር ይወቀው።

መወሰኑ የኛ እንዳልሆነ ገባንና ሄጄ ነገርኳቸው። ከሁለት አንዱ ነው አልኳቸው። ቀዳዳዋን ማጥፋት እችላለሁ፣ ግን በሩም አብሮ ይጠፋል። በሩን ማሳየት እችላለሁ፣ ግን ቀዳዳዋም አብራ ትታያለች። ነስሩ ከኋላዬ ሆኖ፣ ቁጥሩ ከሆነ የተፈለገው ጀርመኑ ይሻላል እትዬ፣ ብሎ ሌንሱን ከኪሱ አወጣ።

እትዬ ጥሩወርቅ ዞር ብለው በሩን አዩ። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ ያለችውን ቀዳዳ በአመልካች ጣታቸው ነካ አደረጓት።

«ሁለቱም ይታዩ» አሉ። «ነገ ይሄ ሁሉ ሲሄድ ሰባቷን አይቼ እሱን አስታውሳለሁ። ቀዳዳዋን ሳይ ደግሞ እናንተን። ምኑን ነው የምትሸፍኑት?» ወደ ነስሩ ዞሩ። «አንተም ያንን የቀበሌ ሰውህን ወደ ኪስህ መልሰው። በዚያኛው ፀሐይ ይሁን።»

የሺ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ነስሩ ሌንሱን መለሰ። እኔ የጃፓኑን ብሌን እስከ መጨረሻው አጠበብኩት።

ብሌን ሲጠብ ብርሃን ይቀንሳል፤ ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ዓይኑን ከፍቶ መቆየት አለበት፤ በዚያ መሀል ቅንጣት ከተነቃነቀ ሁሉም ይደበዝዛል። ነስሩ ከፊቴ ተንበረከከ። ትከሻውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፤ እዚህ አስቀምጠው ማለቱ ነው። እኔም ከኋላው ተንበረከክሁና ያንን ከባድ ብረት ትከሻው ላይ አሳረፍኩ። ሙሉ ልብስ ሲለካ ደንበኛውን «እንዳትተነፍስ» እያለ የኖረ ሰው፣ እነሆ ራሱ ትንፋሹን ያዘ። የጃፓኑን ቀለበት በሁለት ጣት አዞርኩት። እንዴት ያለ ቀለበት ነው፤ ያ ሁሉ ዓመት አልፎበት ዘይት ውስጥ እንዳለ ነገር ያለ ኮሽታ ይዞራል። ፊታቸው ጠራ። ሰባቷ ጠራች። ጥለቱ ላይ የኔ ሥራ ጠራ። እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ካሜራው ሳይሆን ከካሜራው ጀርባ ወዳለው መንገድ፣ ሰው ከሥራ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ነበር የሚያዩት።

ጠቅ አደረግሁ።

ፊልሙ አለቀ፤ ማጠንጠኛው መሀል ላይ ቀጥ አለ። እኛም አለቅን። ነስሩ መነሣት አቃተው፣ እኔም አቃተኝ፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ ለመነሣት ስንሞክር ይብሱን ተያይዘን ተቀመጥን። እትዬ ጥሩወርቅ ከበርጩማቸው ተነሥተው መጥተው እጃቸውን ሰጡን። «ኑ፣ ተነሡ ልጆች» አሉ። «ነጠላዬን ደግሞ ትጠቅሙልኛላችሁ። ስትመጡ።»

ፎቶው ታጥቦ የመጣው ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው። ደጃችን ላይ ቆመን አየነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ሰማይ ብቻ ነበር። ፀሐዩ እሳቸው እንዳሉት የአመሻሽ ነው፤ እግዜር ይስጠውና ቢጫው የኔን ማስጣት ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሰባቷ እንደ ተጋደመች ትነበባለች። ቀዳዳዋም አለች። ነስሩ በማጉያ መነጽሩ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ፈተሸው፤ የበሩን ሚስማሮች ሳይቀር አያቸው። ጥፋት ፈልጎ ሲያጣ መነጽሩን አጠፈና «ወላሂ፣ ጥሩ መስታወት ነው» አለ። ስለ ሰው ሌንስ ከነስሩ አፍ የወጣ ደግ ቃል ይኸው አንድ ብቻ ነው፤ እኔም ከዚያ በኋላ ጀርመኑን መሳደብ ተውኩ። ራሺያውን ብቻ ነው አሁን አብረን የምንሰድበው፤ እሱም ሠርጉ ላይ ስላለ አይሰማንም።

ክሩን ከመርካቶ ገዛሁት፤ አረንጓዴና ወርቃማ ሐር፣ ልክ የጥለቱ ቀለም። ነስሩ ከመርፌው ጋር በወረቀት ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተተው። አውቶቡስ ይዘን ሄድን፣ አራት ፎቅ በየደረጃው እያረፍን ወጣን። እትዬ ጥሩወርቅ በጣም ደስ አላቸው። ፎቶው በመስታወት ገብቶ ከበሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ምሳ በላን፣ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ አወራን። ነስሩ መርፌውን ሲያወጣ፣ ነጠላው ሳጥን ውስጥ ነው፣ ዛሬ ሳጥኑ አይከፈትም፣ ሌላ ቀን አሉ። ሌላ ቀን ሄድን፤ ነጠላው ታጥቦ እርጥብ ነው ተባልን። ሌላ ጊዜ ደግሞ የሳጥኑ ቁልፍ ጠፍቷል። ስንመጣ ግን ሁልጊዜ ምሳው ተሠርቶ ይጠብቀናል።

ባለፈው ስንወጣ እስከ ደረጃው ሸኙን። «ነጠላዬን እንዳትረሱ» አሉ። ነስሩ ደረት ኪሱን ነካ አድርጎ፣ ክሩ ይኸው እዚሁ ነው እትዬ፣ አሁኑኑ ልጥቀመው አላቸው።

«እንግዲያው ለሚቀጥለው ያዙት» አሉና በሩን ዘጉ።

ስለዚህ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ እስከ ዛሬ ዕዳ አለብኝ።